የስለት ጽጌረዳና የእትዬ ትርንጎ ፍየል

የጽጌረዳ ሥር በዶማ ሲቆረጥ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ሰው የሚያውቀው የአበባዋን ነው። የሥሯ ሽታ ግን ሌላ ነው፤ እርጥብ አፈር አፈር ይላል፣ ትንሽ እንደ እሸት ሽምብራ፣ ትንሽ ደግሞ መራራ፣ አንዴ አፍንጫ ላይ ከተቀመጠ የማይለቅ። ባለፈው ሳምንት ከአጥራችን ሥር ተንበርክኬ፣ ወገቤ እየተቆረጠ፣ እጀታው በወላለቀ ዶማ የእማዬን ጽጌረዳ ስቆፍር አንዱን ወፍራም ሥር ሳላስበው በጠስኩትና ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዶማውን ወርውሬ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁት ሴትዮ ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አረፍኩት።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እዚህ ደባርቅ፣ በቤታችን ፊት የሚያልፈው መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገበት። አጥሩ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ አጥሩን ተደግፋ ያደገችው ጽጌረዳ መንገዱ ላይ ልትቀር ነው። የመንገዱን መስፋት አልጠላሁም፤ የክረምቱ ጭቃ ስንት ጫማ በልቶብኛል። የሚያናድደኝ ጊዜው ነው። ከዓመቱ ወር ሁሉ ተመርጦ ጥቅምት! ጽጌረዳዋ ከእግሯ እስከ ራሷ አበባ በአበባ ሆናለች፤ ሰማንያን ያለፈችው እማዬ ደግሞ በርጩማዋን ፀሐይ ላይ አስወጥታ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ አንዲት ቅርንጫፍ እንዳትቆረጥ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። እንዲህ ያለ ትልቅ ተክል አበባውን እንደተሸከመ ከተነቀለ እንደሚደርቅ ላስረዳት ሞከርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጆች ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ እማዬን ግን አንድም ነገር ማስተማር አልቻልኩም። «ነቅለሽ ትከያት እንጂ መቀስ እንዳታስነኪያት፤ የማርያም ናት» ትለኛለች። ይኸንኑ ቃል ከአርባ ዓመት በላይ በፊት ለአባቴ ስትለው ሰምቻታለሁ።

ጽጌረዳዋ የስለት ናት። እማዬ ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተውባታል። ሦስተኛውን ስታረግዝ ከአባቴ ጋር ዳባት በኪራይ ቤት ነበሩና ከማርያም ደጅ ቆማ፣ ይህኛው ከቆየልኝ በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ ከደጄ የበቀለ አበባ አመጣልሻለሁ ብላ ተሳለች። እኔ በተወለድኩ ሰሞን ከዘመድ ግቢ አንድ እግር አስቆርጣ ተከለች። አብረን አደግን፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ጥላኝ ሄደች። እኔ ሳል የማይለየኝ፣ አንገቴ የቀጠነ ልጅ ነበርኩ፤ እሷ ግን የቤቱን ጣራ ልትነካ ምንም አልቀራት። በየዓመቱ፣ እመቤታችን ልጇን አቅፋ መሰደዷ በሚታሰብበት በዚያ የአበባ ወር፣ እማዬ በየእሁዱ ማለዳ የፈካውን የፈካውን ትለቅምና ጤዛው ሳይረግፍ በነጠላዋ ጫፍ ታቅፋው፣ በሌላ እጇ እኔን እየጎተተች ቤተ ክርስቲያን ትገሰግሳለች። ሰዉም ደህንነቴን ሊጠይቃት ሲፈልግ «ጽጌረዳሽ እንዴት ናት?» ይላታል። እኔ ታዲያ የተጠየቀችው እሷ ትሁን እኔ ለይቼ የማላውቅበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ የነበረው አባቴ ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ክረምቱ ሊማሊሞን በየቦታው ንዶት ነበርና ሰው በጥብቅ ተፈለገ፤ ጥቅምት ሳይጋመስ ሂዱ ተባልን። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለስላሳ ሰው ነበር፤ ከእማዬ ጋር ተከራክሮ የረታበትን ቀን አላስታውስም። ከጽጌረዳዋ አንድ ሁለት እግር ቆርጠን እንውሰድ፣ ጽጌረዳ እንደሆን በቁራጭ ይበቅላል ቢላት፣ የተሳልኩት በዚችኛዋ ነው፣ የማርያምን ስም እየጠራሁ ውኃ ያጠጣሁት ይችኛዋን ነው ብላ ድርቅ አለች። እሺ እንንቀላት፣ ግን ራሷን እንከርክማት ቢላት ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። የጽጌ እሁዶች ገና አላለቁም፣ እንቡጡ ሁሉ በስም የተያዘ ነው፣ ለማርያም የተሰጠውን በመቀስ ልትፈጀው ነው ወይ? ምስኪን አባቴ ዶማውን አነሣ።

ሙሉ ቀን ቆፈረ። የዘጠኝ ዓመት ሥር ቀልድ አይደለም፤ ከቤቱ መሠረት ሥር ገብቷል፣ ድንጋዩን አቅፎ ይዟል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዳፉ ውኃ ቋጥሮ፣ ትዕግሥቱም አልቆ ዙሪያውን በአካፋ ቆራረጠና ከሥሩ ግማሹን እዚያው ትቶ መነጨቃት። ግቢው በዚያ መራራ ሽታ ተሞላ። በማግሥቱ የተረፈውን ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከአልጋውና ከሣጥኑ ጋር መኪና ላይ ጫኗት፤ እማዬ ከኋላ ጭነቱ ላይ ግንዷን አቅፋ፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን። በመንገድ ያገኘነው ሰው አበባ የተሸከመ መኪና ሲያይ ሙሽራ የሚሄድ እየመሰለው እልል ይልልን ነበር። ደባርቅ ስንደርስ ነፋሱ አበባውን ግማሽ በግማሽ አራግፎታል፤ እማዬ ፀጉሯም ነጠላዋም የአበባ ቅጠል ለብሶ፣ ጉንጮቿ በብርድ ቀልተው ወረደች። አባቴ በሳቅ ፈረሰ፣ እሷም ሳቀች። አብረው እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሁሉ ቀድማ እንኳን ደህና መጣችሁ ያለችን የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ ናት። ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከቆላው ተድራ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ረጅምና ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። እሳት ይዛልን መጣች፣ በእንስራ ውኃ ይዛልን መጣች፣ አልጋውን በአንድ በኩል ተሸከመች፣ ለጽጌረዳዋ ጉድጓድ ሲቆፈርም ከአባቴ እጅ አካፋውን ተቀብላ አፈሩን አወጣች። ከዚያ እኔን አገላብጣ አየችና «እቴ፣ ይችን ልጅ ነፋስ ይወስድብሻል!» አለቻት እማዬን። ከማግሥቱ ጀምሮ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጠዋት ጠዋት በጣሳ ትኩስ ወተት ይዛልኝ ትመጣለች፤ ጣሳውን ጨርሼ እስክገለብጠው ድረስም ንቅንቅ አትልም። ወተቱ የፍየል ነው። ደባርቅ የበግ አገር ናት፤ እሷ ግን ወንድሟ ከቆላ የሰጣትን ግንባረ ነጭ ፍየል ቦራ ብላ ስም አውጥታ፣ ብርዱ እንዳይጎዳት ጀርባዋን ጆንያ እያለበሰች እንደ ልጅ ታኖራት ነበር። እማዬና እትዬ ትርንጎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው የእናት ልጅ ሆኑ። ቅዳሴ አብረው፣ ገበያ አብረው፣ አንዷ ጨው ስታጣ ሌላዋ ሳትጠየቅ በአጥሩ ላይ ታቀብላለች።

ጽጌረዳዋ ግን አዲሱ አገር አልሆነላትም። ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፣ እንቡጧ ሳይፈካ አንገቱን ደፋ። እማዬ ጠዋት ጠበል፣ ማታ ውኃ ታፈስስላታለች። አባቴ አላስችል ብሎት ጋሽ ካሴ የሚባሉ የችግኝ ጣቢያ አትክልተኛ ይዞ መጣ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ዞረው አዩአት፣ አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉና «ሥሯ ግማሽ ነው፣ ራሷ ግን ሙሉ ነው። ይህን ሁሉ ቅጠል በምን ታጠጣው? ከጉልበት በታች ቁረጧት፣ ትተርፋለች» አሉ። እማዬ ጽጌ ይውጣና እናያለን ስትላቸው «ጽጌ እስኪወጣማ ማገዶ ትሆናለች» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ። የአባቴ የመጨረሻ ተስፋ የነፍስ አባታችን ነበሩ። መጡ፣ ሰሙ፣ ሳቁና «ልጄ፣ እመቤታችን የምትፈልገው ልብሽን ነው፤ ቁረጫት» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመችና «እሺ አባ፣ እርስዎ ካሉማ» አለች፤ ከበር ሲወጡ ግን «የተሳልኩት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉ» ብላ መቀሱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። አትክልተኛ መክሯት፣ ባል ለምኗት፣ ካህን ፈቅዶላት እምቢ የምትል ሴት ምን ትባላለች?

እኔን ያኔ የያዘኝ ግን ንዴት ሳይሆን ፍርሃት ነው። የሠፈሩ ሴቶች ሊተዋወቁን ሲመጡ በር ላይ የጠወለገችውን ያያሉ፤ የስለቱን ወሬ ሰምተዋል፤ ዓይናቸውን ወደ እኔ ያዞሩና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዷ «ልጅቱን ጠብቂያት» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የረገፈውን ቅጠል እቆጥራለሁ፣ ቀጥሎ ግንባሬን እዳስሳለሁ። ብዙ ቅጠል በረገፈ ቀን ሳሌ ይብስብኛል። እሷ ከደረቀች እኔም እንደምሞት አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ለማን ይነግሩታል? ለእናቴ ብነግራት ታለቅሳለች። ጋሽ ካሴ ያሉትን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

በጽጌው ወር የመጨረሻ እሁድ ሆዴን አመመኝ ብዬ ተጠቅልዬ ቀረሁ። እማዬና አባቴ ቅዳሴ ሄዱ፣ እትዬ ትርንጎም አብራቸው። መቀሱ ተቆልፎበታልና የአባቴን ማጭድ አወጣሁ። ከጉልበት በታች ሲሉ የማን ጉልበት እንደሆነ ጋሽ ካሴ አልተናገሩም፤ እኔ በራሴ ጉልበት ለካሁና ጽጌረዳዋ ከሚገባው በላይ አጠረች። ግንዱ ጠንካራ ነው፣ ማጭዱ ዶልዱሟል፣ እሾሁ ክንዴን እስከ ክርኔ ቦጫጨረው። ስጨርስ ከፊቴ የተከመረውን አየሁ። ያን ሁሉ አበባ፣ ያን ሁሉ እንቡጥ! ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ገና ያኔ ነው። የት ልደብቀው? ቦራ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች። አንድ ቅርንጫፍ ሰጠኋት፤ ከነእሾሁ ቆረጣጥማ ዋጠችው። ሁለተኛ ሰጠኋት፣ ሦስተኛ ሰጠኋት። በዚህ አካሄድ ቅዳሴው ሊወጣብኝ ሆነ። ስለዚህ ገመዷን ፈታሁና በቀዳዳው አሹልኬ አስገብቼ ክምሩ ላይ ለቀቅኳት፤ እኔም ወደ ቤት ሮጬ ጋቢዬን ተከናነብኩ። ጥፋቱን በእሷ ላላክክ አላሰብኩም፤ ማርያምን፣ አላሰብኩም። ክምሩ እንዲጠፋልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

የእማዬ ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ቦራ ጢሟን በቀይ ቅጠል አስጊጣ ከጉቶው አጠገብ ቆማ ታመሰኳለች። እትዬ ትርንጎ ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ መጣች፤ ፍየሏን አይታ ክው አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ማርያምን! አጥብቄ ነው ያሰርኳት! በዛሬዋ እሁድ፣ በጽጌዋ!» አለች። እውነቷን ነው፤ የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ምን ያህል አጥብቃ እንዳሰረችውም ጥፍሬ ያውቃል። እማዬ ያንን መሐላ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። አበባዬን ማስበላቷ ሳያንስ በማርያም በሐሰት ማለችብኝ አለች። ከአበባው ይልቅ ያ ነው አንጀቷን የቆረጠው። እኔ በጋቢው ሥር ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልተነፈስኩም፤ ከመገረፉ ይልቅ የማርያምን አበባ ለፍየል ያበላች ልጅ መባሉ አስፈራኝ።

ሽማግሌዎች ገቡበት። እትዬ ትርንጎ «ፍየሌ ለበላችው እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በሐሰት ምያለሁ ግን አልልም» አለች። እማዬ ደግሞ «አበባውን ትቼላታለሁ፤ ለመሐላዋ ንስሐ ካልገባች ግን ደህና አደርሽ አልላትም» አለች። ሽማግሌዎቹ ሦስት እሁድ ተመላለሱ፤ አንዷን ሲያለዝቡ ሌላዋ ትደርቅባቸዋለች። በመጨረሻ እነሱም ታከታቸውና ተውት። ያልሠራችውን አልሠራሁም ያለች ሴትና ለአምላክ እናት የተቆረቆረች ሴት፤ በማን ይፈረዳል?

ሽማግሌዎቹ ገና ሲመላለሱ እትዬ ትርንጎ ቦራን ለወንድሟ ልትመልሳት ወደ ቆላ ይዛት ወረደች። ፍየሏን እየሳበች በደጃችን ስታልፍ እኔ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ቆም አለችና እጄን ያዘች፤ እጅጌዬን ሰብሰብ አድርጋ ክንዴን አየች። ጭረቱ ገና አልሻረም ነበር። ብዙ አየችው። ከዚያ እጅጌዬን ቀስ ብላ መልሳ አወረደችልኝና «ቅቤ ቀቢው» ብላኝ ሄደች። ለማንም ሳትናገር ሞተች። እዚያው በራችንን አንኳኩታ ክንዴን ለእማዬ ብታሳያት ስሟ በዚያው ሰዓት ይነጻ ነበር። አላደረገችውም። የወተቱም ነገር በዚያው ቀረ።

ጽጌረዳዋማ ምን ትሆናለች? ኅዳር ሳያልቅ ከጉቶው ቀይ ቀይ ለጋ ቡቃያ አወጣች፤ በዓመቱም ለጽጌ ደረሰች፣ እኔም ሳሌ ለቀቀኝ። ፍየል በልታት እንኳ ማርያም አስነሣቻት እያለች እማዬ ለመጣ ለሄደው ታወራለች። ጋሽ ካሴ አንድ ቀን ብቅ ብለው ጉቶውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ይች ፍየል መቁረጥ ታውቅበታለች» ብለው ወደ እኔ አዩ። እማዬ ደስታ ላይ ስለነበረች ልብ አላለቻቸውም።

እናገራለሁ እያልኩ አደግሁ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ዱላውን ፈራሁ፣ በሃያ ዓመቴ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ መባሉን ፈራሁ። ከዚያ አስተማሪ ሆንኩና ሰሌዳውን ማን እንደሰበረው ያልተናገረ ልጅ አንበርክኬ እንደ ቅዱስ ሰው እቆጣለሁ። እትዬ ትርንጎን ከእማዬ ተደብቄ ስንቴ ሰላም ብያታለሁ፤ «አደግሽ? ወፈርሽ እኮ!» ትለኛለች፣ ሌላ ቃል የለም። ስትሞት ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። እማዬ ቀብሯ ላይ አልቆመችም። የአጥር ጎረቤት ሞቶ ቀብር መቅረት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ሄጄ ከሰው ሁሉ በላይ አለቀስኩ። ሴቶቹ «እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት» ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት በዚያ ሽታ ውስጥ ቁጭ ብዬ እማዬ ከበርጩማዋ «ምነው? ደከመሽ? ብቻ መቀስ እንዳታስነኪያት!» ስትለኝ አንድ ነገር በውስጤ ተበጠሰ። ከምንም በላይ ንዴት ነው ያናገረኝ እንጂ ንስሐ አይደለም፤ መዋሸት አልፈልግም።

«እማዬ፣ ይች ጽጌረዳ ያኔ የተረፈችው ስለተቆረጠች ነው» አልኳት። «የቆረጥኳትም እኔ ነኝ። በአባዬ ማጭድ። ቦራን ፈትቼ ያስገባኋትም እኔ ነኝ።»

እማዬ ሳቀች። «ሂጂ ወዲያ! የሰው ኃጢአት አትሸከሚ። በዓይኔ ያየሁትን?»

«እውነቴን ነው። እትዬ ትርንጎ በሐሰት አልማለችም።»

ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ምርኩዟን በሁለት እጇ ያዘችና መሬት መሬቱን ታይ ጀመር። መንገዱ ላይ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ።

«አንቺ ከሆንሽማ፣» አለች፣ «እኔ ቀብሯ ላይ ሳልቆም የቀረሁት በምን ምክንያት ነው?»

አጠገቧ ሄጄ ጉልበቷን ያዝኩ። እጄን ከጉልበቷ ላይ አነሣችው።

«ፍየሏ ናት» አለች። «ፍየሏ ናት በይኝ።»

«ፍየሏ ናት እማዬ።»

«እንዲያ በይ።»

ምርኩዟን አነሣችና ወደ ጽጌረዳዋ ቀሰረች። «በይ ቁረጫት» አለችኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በርጩማዬን አዙሪልኝ አለችና አዞርኩላት፤ ፊቷን ወደ እትዬ ትርንጎ ቤት በኩል አደረገች። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፣ አሁን የሚታየው የብሎኬት ግድግዳ ነው። እኔም መቀሱን አነሣሁና ከዳር ጀመርኩ። እኔ ሳልናገራት በቀረሁ አንዲት ቃል ምክንያት ሁለት ሴቶች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ብቻቸውን አረጁ፤ እኔ እዚያ ቦታ ላይ ተንበርክኬ አበባ እቆርጣለሁ።

«ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖረች?» አለችኝ ሳትዞር።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ» አለች። «ጠዋት በሯን ስትከፍት እሰማት ነበር። ደጅ ወጥታ ትቆማለች፣ ትንሽ ትስላለች። እስክትገባ ድረስ በሬን ይዤ ከውስጥ እጠብቅ ነበር፤ ደህና አደርሽ እንዳልላት።»

መቁረጤን አላቆምኩም።